ሰርቨሩ ቅርብ፣ ስሙ ሩቅ

የፋይል ሰርቨርን በኔትወርክ ውስጥ ፈልጎ ስለ ማግኘት፤ ከጅግጅጋና ከሰሜን ሶማሌ ክልል ከተሞች አንጻር
ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



በቀድሞው የመሥሪያ ቤት ልማድ አንድ ጉዳይ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው መዝገብ ቤቱ ነበር። መዝገብ ቤቱ ከኃላፊው ቢሮ ጥቂት እርምጃ ያህል ይርቃል። ሠራተኛው የፋይሉን ቁጥር ከትልቁ መዝገብ ላይ ይመለከታል፤ ከመደርደሪያው ያወርዳል፤ አስፈርሞ ይሰጣል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ቢቆረጥ ወይም የስልኩ ሽቦ ቢበጠስ ይህ ሥራ አይስተጓጎልም። ፋይሉ በግቢው ውስጥ ነው፤ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቀውም ሰው በዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የዚህን መዝገብ ቤት ቦታ የፋይል ሰርቨር ይዞታል። የፋይል ሰርቨር ማለት የብዙ ሠራተኞችን የጋራ ፋይሎች በአንድ ቦታ አከማችቶ ለሚገባው ሁሉ በኔትወርክ አማካይነት የሚያቀርብ ኮምፒዩተር ነው። በቅልጥፍናና በቦታ ቁጠባ ከአሮጌው መዝገብ ቤት እንደሚበልጥ አያጠራጥርም። ሆኖም በአንድ ነገር ከአሮጌው ያነሰበት ጊዜ አለ። የአዲስ አበባው መስመር ሲቋረጥ፣ በዚያው ግቢ፣ አንዳንዴም በዚያው ክፍል ያለው ሰርቨር አብሮ የሚጠፋበት ሁኔታ ይታያል። ኤሌክትሪክ አለ፤ ሰርቨሩ ይሠራል፤ ገመዱ አልተነቀለም፤ ፋይሉም በቦታው ነው። ባለጉዳዩ ግን «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ይሸኛል። በእርግጥ ኔትወርኩ አለ። የጠፋው የሰርቨሩን ስም የሚያውቀው አካል ነው፤ እርሱ ያለው ሩቅ አገር ነውና።

የዚህ ንግግር መልእክት በአጭሩ ይኸው ነው፦ ቅርብ ያለ ፋይል በቅርብ ባለ ዕውቀት ሊገኝ ይገባል። ይህም ለማንኛውም ከተማ የሚሠራ ቢሆንም በተለይ ለጅግጅጋና ለአካባቢዋ ከተሞች ከባድ ትርጉም ያለው ነገር ነው።

የቦታው አቀማመጥ

ጅግጅጋ የሶማሌ ክልል ርእሰ ከተማ ስትሆን፣ ከሐረር በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ከእርሷ በስተምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የወሰን ከተማና የጉምሩክ በር የሆነችው ቶጎ ውጫሌ ትገኛለች። በደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቀብሪ በያህ፣ በሰሜን በኩል አውበሬ አሉ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚዘልቀው በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ላይ ደግሞ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻና ደወሌ ተደርድረዋል። ከእነዚህ ከተሞች ወደ አንዱ መሥሪያ ቤት የሚመጣው ባለጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከከተማው ሳይሆን ከሩቅ ገጠር ነው፤ አንዳንዱ ከብቱን ለሰው አደራ ሰጥቶ ይመጣል። «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ለከተማ ነዋሪ መሰልቸት ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ግን የቀናት ኪሳራ ነው።

የእነዚህ ከተሞች መሥሪያ ቤቶች ከማእከል ጋር በኮምፒዩተር መገናኘት የጀመሩት በወረዳኔት ዘመን ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ የተዘረጋው ይህ ኔትወርክ በመላው ኢትዮጵያ በመቶ የሚቆጠሩ ወረዳዎችን በሳተላይት አንቴና ከክልል ርእሰ ከተሞችና ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘ ነበር። ለስብሰባና ለመልእክት የሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። ለፋይል ሥራ ግን ሳተላይት የራሱ የተፈጥሮ ወሰን አለው። እንዲህ ያለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይቆማል። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፤ መልሱም ወጥቶ ይወርዳል፤ ጉዞው በድምሩ ከ143,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ቢጓዝም ለአንድ ጥያቄና መልስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይጠፋል። አንድን ፎልደር ለመክፈት በኮምፒዩተሩና በሰርቨሩ መካከል፣ እንበል፣ 40 ጥያቄና መልስ ተራ በተራ ቢለዋወጥ፣ ሠራተኛው 20 ሴኮንድ መጠበቅ ይኖርበታል። በአንድ ክፍል ውስጥ ባለ ገመድ ላይ ግን ያው ልውውጥ ዐይን እስኪርገበገብ ያልቃል።

ስለዚህ ሰርቨሩን በየከተማው ማስቀመጥ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። በኋላ የኦፕቲክ ፋይበር መስመር ሲደርስ የርቀቱ ነገር ቀለለ። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከጅግጅጋ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ከሴኮንድ አንድ መቶኛ ያነሰ ጊዜ ሊበቃው ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ፍጥነት አንድ ስውር ልማድ ይዞ መጣ። ሰርቨሩ በከተማው ቢቆይም፣ የሰርቨሩን ስም የሚመዘግበውና የተጠቃሚውን ማንነት የሚያረጋግጠው ኮምፒዩተር በማእከል እንዲሆን ማድረግ ቀላል ሆነ። መስመሩ እስካለ ድረስ ልዩነቱን ማንም አያስተውለውም። ልዩነቱ የሚታወቀው መስመሩ ሲቋረጥ ነው።

መስመር መቋረጡ ደግሞ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ በተነሣው፣ የሰው ሕይወት በጠፋበትና ንብረት በወደመበት ሁከት ጊዜ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመላው ኢትዮጵያ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጧል። በእነዚህ ላይ የመንገድ ሥራ ቁፋሮ፣ ጎርፍና የኤሌክትሪክ መጥፋት ይጨመራሉ። ስለሆነም በዚህ አካባቢ ኔትወርክ የሚዘረጋ ባለሙያ የመስመር መቋረጥን እንደ ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን እንደ ክረምትና በጋ ሊጠብቀው ይገባል።

ሰርቨር እንዴት ይፈለጋል?

ሠራተኛው የሚያውቀው የሰርቨሩን ስም ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚያስፈልገው ግን የሰርቨሩ አይፒ ቁጥር ነው። ስሙን ወደ ቁጥር ለመለወጥ በመሠረቱ ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ጮክ ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለት የሶማሌ አርብቶ አደሮች በመንገድ ሲገናኙ «ኢስካ ወራን» ይባባላሉ፤ ስለ ራስህ ንገረኝ እንደ ማለት ነው። ከዚያ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰዉ ወሬ ይለዋወጣሉ። አንድ ሰው የት እንደ ሰፈረ የሚታወቀውም በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ሳይቴክ የተባለ ኩባንያ ለአይቢኤም የሠራው ኔትባዮስ የሚባለው ሥርዓት ስምን የሚፈልገው ከዚህ ብዙም ባልራቀ ዘዴ ነው። ኮምፒዩተሩ በገመዱ ላይ ላሉት ሁሉ «በዚህ ስም የሚጠራ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለ ስሙም ቁጥሩን ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ደረጃ የወጣለት መልቲካስት ዲኤንኤስ የሚባለውም ሐሳቡ ያው ነው። ይህ መንገድ ምዝገባ ስለማይጠይቅ ለትንሽ ቢሮ ምቹ ነው። ድካሙ ግን ድምፁ ራውተርን አለማለፉ ነው። በጅግጅጋ ቆሞ የተጣራ ሰው ከካራ ማራ ተራራ ማዶ እንደማይሰማ ሁሉ፣ በቶጎ ውጫሌ ቢሮ ውስጥ የተጠራ ስም ጅግጅጋ አይደርስም።

በዚህ ረገድ አንድ ሰፊ አለመግባባት አለ። ብዙ ሠራተኞች ሰርቨር «አለ» የሚሉት በዊንዶውስ ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለውን ከፍተው ስሙን በዝርዝሩ ላይ ሲያዩት ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ምስክር አይደለም። በአሮጌው ሥርዓት አንዱ ኮምፒዩተር በምርጫ ዝርዝር ያዥ ይሆን ነበር፤ ከኔትወርኩ የወጣ ኮምፒዩተር ስሙ ከዝርዝሩ እስኪፋቅ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችል ነበር። በሌላ በኩል እየሠራ ያለ ሰርቨር በዝርዝሩ ላይ ላይታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም አሮጌውን የፋይል መገናኛ ስምምነት፣ ማለትም የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ፣ በራሱ መጫን ካቆመ ወዲህ፣ ብዙ አሮጌ ሰርቨሮች ከዝርዝሩ ጠፍተዋል። ስለዚህ ሰርቨርን በዝርዝር ከመፈለግ ይልቅ በስሙ መጥራት ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ ስምና ቁጥር የተጻፈበትን ዝርዝር እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በራሱ ላይ እንዲይዝ ማድረግ ነው። የኢንተርኔት እናት በሆነው በአርፓኔት ላይ ነገሩ እንዲህ ነበር። የሁሉም ኮምፒዩተሮች ስም በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ይያዝና እያንዳንዱ ጣቢያ ቅጂውን ይወስድ ነበር። ኮምፒዩተሮቹ ሲበዙ ይህን ዝርዝር በየጊዜው ማደስ አስቸገረ። ዛሬም ቢሆን ከአምስት ለማይበልጡ ኮምፒዩተሮች ወይም ለችግር ቀን ይጠቅማል፤ ሰርቨሩ ቁጥሩን በለወጠ ዕለት ግን ሁሉንም ኮምፒዩተሮች እየዞሩ ማረም የግድ ይሆናል።

ሦስተኛው መንገድ ዲኤንኤስ ነው። ይህን ሥርዓት ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. አቅርቦታል። ዋናው ሐሳቡ የስም መዝገቡ በአንድ ቦታ እንዳይከማች፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ስሞች እንዲያስተዳድር፣ የመዝገቡም ቅጂ ከአንድ በላይ በሆኑ ሰርቨሮች ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። እንግዲህ ዲኤንኤስ ከጥንቱም የተፈለሰፈው ዕውቀት ሁሉ ከአንድ ማእከል እንዳይጠበቅ ነው። በአንድ የክልል ቢሮ ውስጥ ይህ ሥርዓት ሁሉን ከማእከል የሚያስጠብቅ ሆኖ ከተገኘ ጉድለቱ የአዘረጋጉ ነው።

«የለም» ማለትና ዝም ማለት

በዲኤንኤስ አጠቃቀም ረገድ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አንድ ስሕተት በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። አንድ ባለሙያ የቢሮውን ኮምፒዩተሮች ሲያዘጋጅ፣ በመጀመሪያው መስመር የቢሮውን የስም ሰርቨር፣ በሁለተኛው መስመር ደግሞ «ለጥንቃቄ» ብሎ በውጭ አገር ያለ የሕዝብ የስም ሰርቨር ይጽፋል። ሐሳቡ አንዱ ካላወቀው ሌላው ይመልሳል የሚል ነው። አሠራሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ኮምፒዩተሩ ወደ ሁለተኛው የሚሄደው የመጀመሪያው ዝም ሲል ብቻ ነው። የመጀመሪያው «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ከመለሰ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። የቢሮው የስም ሰርቨር ለአፍታ በዘገየ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ወደ ውጭው ይሻገራል፤ የውጭው ሰርቨር የጅግጅጋን ቢሮ የውስጥ ስሞች ከቶ ስለማያውቅ «የለም» ይላል፤ ኮምፒዩተሩም ይህን እንደ እርግጠኛ ቃል ይቀበለዋል። በዚህ ምክንያት በአንድ ክፍል ካሉት ኮምፒዩተሮች አንዱ ሰርቨሩን ሲያገኝ ከጎኑ ያለው ያጣዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ነገሩ ይገለበጣል። መድኃኒቱ የሠራተኞች ኮምፒዩተሮች የውስጥ ስሞችን የሚያውቁ የስም ሰርቨሮችን ብቻ እንዲጠይቁ ማድረግ ነው። የውጭውን ስም ለእነርሱ ጠይቆ የሚያመጣው የቢሮው የስም ሰርቨር ራሱ መሆን አለበት።

ስሙ ከተገኘ በኋላ

ስሙ ወደ ቁጥር ከተለወጠ በኋላ ቁጥሩ በእርግጥ ወደ ሰርቨሩ የሚያደርስ መሆን አለበት። ለውስጥ ኔትወርክ የተለዩት ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. ተደንግገዋል፤ በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31፣ እንዲሁም በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። እነዚህን ማንም ሳያስፈቅድ ሊጠቀምባቸው ይችላል። ችግሩ ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ዐይነት ቁጥር ይዘው መውጣታቸው ነው። የጅግጅጋው ቢሮም የቶጎ ውጫሌው ቅርንጫፍም በ192.168.1 የሚጀምር ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በኋላ ሁለቱ በመስመር ቢያያዙ፣ በቶጎ ውጫሌ ያለው ኮምፒዩተር የጅግጅጋውን 192.168.1.10 የሚፈልገው በራሱ ክፍል ውስጥ ነው። ቁጥሩ ጎረቤት መስሎ ስለሚታየው ወደ ራውተሩ አይሄድም። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ለእያንዳንዱ ከተማ የተለየ የቁጥር ክፍል መመደብ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ያህል ለጅግጅጋ 10.20.1፣ ለቶጎ ውጫሌ 10.20.2፣ ለቀብሪ በያህ 10.20.3። ይህ የአንድ ቀን የወረቀት ሥራ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ለማረም ግን ወራት ይፈጃል።

ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ነገር ይከሠታል። የሠራተኞች ኮምፒዩተሮች ፈጥነው ይነሣሉ፤ ቁጥር የሚያድለው መሣሪያ ይዘገያል። ቁጥር ያጣ ኮምፒዩተር በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ይሰጣል። በዚህ ቁጥር ሰርቨሩን ማግኘት አይችልም። ባለሙያው ይህን ቁጥር ባየ ጊዜ ሰርቨሩን መነካካት የለበትም፤ ችግሩ በቁጥር አዳዩ ወይም ወደ እርሱ በሚያደርሰው መስመር ላይ ነው። ሰርቨሩ ራሱ ግን የማይለወጥ ቁጥር ይኑረው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በሩ ነው። በዊንዶውስና በሳምባ የሚሠሩ የፋይል ሰርቨሮች በፖርት 445፣ በዩኒክስ ዘንድ የተለመደው ኤንኤፍኤስ ደግሞ በፖርት 2049 ይጠብቃሉ። ይህ በር ለውስጥ ሰው ክፍት፣ ለኢንተርኔት ግን ፈጽሞ ዝግ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በሜይ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የተነሣው ዋናክራይ የተባለ ጥፋተኛ ፕሮግራም በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ያጠቃው በዚሁ በር ገብቶ በመጀመሪያው ኤስኤምቢ ድክመት ተጠቅሞ ነው። ሰርቨሩ በዝርዝሩ ላይ እንዲታይ ብቻ ተብሎ ያንን አሮጌ ስምምነት መልሶ መክፈት ሌባን ለመጋበዝ በር እንደ መገንጠል ይቆጠራል።

በመጨረሻ የማንነት ጥያቄ ይመጣል። በትልልቅ ኔትወርኮች ማንነትን የሚያረጋግጠው ከርቤሮስ የሚባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የኮምፒዩተሩና የአረጋጋጩ ሰዓት በልማድ ከአምስት ደቂቃ በላይ ሊለያይ አይገባም። በኢትዮጵያ ይህ የተለየ መዘዝ አለው። ኮምፒዩተሩ ከጠዋቱ 9 ሰዓት ሲል ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 3 ይላል። አንድ ሠራተኛ ሁለቱን ለማስማማት ብሎ የኮምፒዩተሩን ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቢመልስ፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ አይቀበለውም። በውስጡ ያለው ትንሽ ባትሪ ደክሞ፣ ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር ወደ አሮጌ ቀን የሚመለስ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። «የይለፍ ቃሌ ተበላሸ» የሚል አቤቱታ ሲመጣ ከይለፍ ቃሉ በፊት ሰዓቱን መመልከት ብዙ ድካም ያድናል።

ስም አወጣጥ

በሦስት ቋንቋ በሚሠራበት አካባቢ ስም አወጣጥ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሰርቨር ስም በተለመደው አሠራር በላቲን ፊደላት፣ በቁጥርና በጭረት ይጻፋል፤ በኔትባዮስ ከ15 ፊደል አይበልጥም። ከተማዪቱ በአማርኛ «ጅግጅጋ» ናት። በላቲን ሲጻፍ ግን አንዱ በመካከል «ግ»ን ይጽፋል፤ ሌላው ይተወዋል፤ ሦስተኛው «ጅ»ን ይደግማል። ቶጎ ውጫሌንም የሶማሌ ተናጋሪው «ወጃሌ» ይላታል። ከዚህ በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የሶማሌ ቋንቋ የላቲን አጻጻፍ «ኤክስ» የሚባለውን ፊደል ለ«ሐ»፣ «ሲ» የሚባለውን ለ«ዐ» ድምፅ አውሎታል። ስለዚህ በሶማሌኛ «ሐፊስ» የሚለውን የቢሮ ስም በእንግሊዝኛ ልማድ የሚጽፍ ሰው በሌላ ፊደል ይጀምረዋል፤ ኮምፒዩተሩም በአንድ ፊደል ልዩነት «አላውቀውም» ይላል።

ለዚህ ሁለት ነገር ይበጃል። አንደኛ፣ ስሙ አጭርና በሁሉም ዘንድ አንድ ዐይነት የሚጻፍ ይሁን፤ የሰው ስምና የመሣሪያ ምርት ስም አይሁን፤ ሰዉም መሣሪያውም ይለወጣሉና። ሁለተኛ፣ በዲኤንኤስ ውስጥ ለአንድ ሰርቨር ተጨማሪ ስሞች መስጠት ስለሚቻል፣ በሶማሌኛም በአማርኛም ልማድ የተጻፈው ስም ወደ አንድ ቦታ እንዲያደርስ ይደረግ። ሰው ስሙን በለመደው መንገድ ቢጽፍ ሊቀጣበት አይገባም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተገለጸው የሚከተለው አሠራር ይወጣል።

አንደኛ፣ ሰርቨር ባለበት ከተማ ሁሉ የስም መዝገቡ ቅጂ ይኑር። ለዚህ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ትንሽ ኮምፒዩተር ይበቃል። ነገር ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ቅጂው ከዋናው መዝገብ ጋር ሳይገናኝ የሚጸናበት የተወሰነ ጊዜ አለው፤ ጊዜው ሲያልፍ ስሙን እያወቀ መመለስ ያቆማል። ይህ ጊዜ አንድ ቀን ተብሎ ከተጻፈ፣ መስመር በተቋረጠ በማግሥቱ ቅጂው ዋጋ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. የወጣው የባለሙያዎች ምክር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይላል። የ2012 ዓ.ም. መቋረጥ ሦስት ሳምንት ያህል ከቆየ፣ ለዚህ አካባቢ አራቱ ሳምንት፣ ማለትም 2,419,200 ሴኮንድ፣ ተገቢው ነው።

ሁለተኛ፣ ማንነትን የሚያረጋግጠውም አካል በቅርብ ይኑር። መስመር በተቋረጠ ጊዜ ሠራተኛው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ቀደም ሲል በተቀመጠ ማስረጃ ሊገባ ይችላል፤ ይህ ግን በአውታሩ ላይ ላለው ሰርቨር መግቢያ አይሆነውም። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ ለቅርንጫፍ ቢሮ የሚሆን፣ ተነባቢ ብቻ የሆነ አረጋጋጭ ማኖር ተችሏል። በዚህ ላይ የትኞቹ ሠራተኞች ማስረጃ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ካልተወሰነ ግን እርሱም ወደ ማእከል ይጠይቃልና በችግር ቀን አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ የሰዓት ምንጭ በየከተማው ይኑር፤ ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ እርሱን ይከተሉ።

አራተኛ፣ የሰርቨሩ ስም፣ ቁጥርና የጋራ ፎልደሮቹ ስም በወረቀት ተጽፎ በመዝገብ ቤት ይቀመጥ። ይለፍ ቃል ግን አብሮ አይጻፍ።

አምስተኛ፣ አቅም የፈቀደ ሁለተኛ መስመር ይያዝ። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከድሬዳዋ ጀምሮ ሥራ ስለ ገባ፣ ከአንድ አቅራቢ በላይ ማሰብ ተችሏል። ሆኖም ሁለተኛው መስመር ከላይ የተዘረዘሩትን አይተካም። በ2012 ዓ.ም. እንደታየው፣ አገር አቀፍ መቋረጥ ሲመጣ የመስመር ብዛት ላያድን ይችላልና።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። መዝገቡ በየከተማው ከተበተነ ቁጥጥሩ ይላላል፤ ከሥራ የተሰናበተ ሰው በአንዱ ቦታ ሲሰረዝ በሌላው ሊቀር ይችላል፤ በየከተማውም በቂ ባለሙያ አይገኝም ይባላል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። በእርግጥም መስመር ተቋርጦ ሳለ የተሰናበተ ሠራተኛ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ በቅርብ ባለው ቅጂ ሊገባ ይችላል፤ ለዚህ የቅርቡ ኃላፊ በእጁ የሚዘጋበት ሥርዓት ያስፈልጋል። ነገር ግን ሥልጣንና ዕውቀት ሁለት ነገሮች ናቸው። ስሙን የመስጠት፣ የመለወጥና የመሰረዝ ሥልጣን በማእከል ሊቆይ ይችላል፤ የተሰጠውን ስም የማወቅ ዕውቀት ግን ከማእከል ወጥቶ በየከተማው ቅጂ ሊኖረው ይገባል። የባለሙያም ጉዳይ ቢሆን፣ ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው የተማረ ሰው ማግኘት እንደ ድሮው አይደለም፤ የተማረውን በቦታው ማሠራት የመሥሪያ ቤቶች ፈንታ ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ከሆነ የሚታወቀው በአንድ ቀላል ፈተና ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ባለጉዳይ በማይበዛበት ቀን፣ ለሠራተኞቹ አስቀድሞ ተነግሮ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ገመድ ለአንድ ሰዓት ይነቀል። ከዚያም አንድ ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያስነሣ፤ በስሙ ይግባ፤ ሰርቨሩን በስሙ ይጥራ፤ አንድ ፋይል ይክፈት፤ ይጻፍበት፤ ይዝጋው። አጥፍቶ ማስነሣቱ ሊቀር አይገባም፤ ኮምፒዩተር ቀደም ሲል የሰማውን ለጥቂት ጊዜ ስለሚያስታውስ፣ ሳያጠፉ መሞከር ሐሰተኛ ደስታ ይሰጣል። አምስቱም ከተሳኩ ቢሮው መዝገብ ቤት አለው። ከአምስቱ አንዱ ካልተሳካ፣ የት ላይ እንደ ወደቀ ተመዝግቦ ይስተካከል፤ በሰላም ቀን የተገኘ ጉድለት በችግር ቀን ከሚገኘው በብዙ ይረክሳልና።

አበው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ። ሩቅ ያለው ዘመድ አይናቅም፤ ማእከሉም አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ከቀብሪ በያህ ገጠር ማልዶ የተነሣው ባለጉዳይ ጅግጅጋ ደርሶ በመስኮቱ ፊት በቆመ ጊዜ፣ ፋይሉ ከግድግዳው ጀርባ ሳለ «ኔትወርክ የለም» ሊባል አይገባውም። ያንን ቃል ከዚያ መስኮት ማስቀረት በዚህ ሙያ ላይ ያሉ ሰዎች በእጃቸው ያለ ሥራ ነው።